የእግዜር እንግዳ በባቡር



በዚህ ዓመት በካምባ ከጉባኤ ሽማግሌዎች ጋር ስንቀመጥ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጉዳይ አለ። ከመካከላችን ወጥቶ በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ አሁን በጀርመን አገር ሁለተኛ ዲግሪውን የሚከታተል ወጣት፣ የትምህርት ዕረፍቱን አንድ ቦርሳ በጀርባው አዝሎ አውሮፓን በባቡር ለመዞር እንዳሰበ ለቤተ ሰቡ ተናገረ። ወሬው ከስልክ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ጸሎት ቤት ደረሰ። አንዱ “ዙረት ነው” አለ። ሌላው “በዚያ ገንዘብ የጸሎት ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ይለብስ ነበር” አለ። አንዲት እናት ግን “ማን ዘንድ ነው የሚያድረው?” ብለው ጠየቁ።

ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁት እኚህ እናት ናቸው። ስለ መንገደኛ መጽሐፍ ቅዱስም ደጋግሞ የሚያነሣው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የእኔን አሳብ ልጻፍ፦ ልጁ ይሂድ። ጉባኤው ግን ባርኮና የምስክር ደብዳቤ ጽፎለት ይላከው፤ እርሱም ፎቶ ሰብስቦ እንደሚመለስ ጎብኚ ሳይሆን እንደ እንግዳ ይሂድ። በኪሱ ጥቂት ገንዘብ ብቻ ይዞ የሚጓዝ ሰው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል፤ ሰው ማስፈለጉ ደግሞ ለነፍስ መልካም ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ገንዘብ ያለው መንገደኛ ሆቴል ያድራል፣ ለማንም ሰላምታ ሳያቀርብ ይወጣል። ጥቂት ያለው በር ያንኳኳል።

እኛ በር ማንኳኳትን ከማንም በላይ የምናውቅ ሕዝብ ነን። በአገራችን የመሸበት መንገደኛ ከአጥር ውጭ ቆሞ “የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ” ይል ነበር። ባለቤቱ ስሙን ሳይጠይቅ ያስገባዋል፣ እግሩን ያሳጥበዋል፣ ከእሳቱ አጠገብ ያስቀምጠዋል። የጋሞ ሸማኔ ከደጋው ተነሥቶ በእግሩ አዲስ አበባ ድረስ ሲወርድ በኪሱ የሆቴል ገንዘብ አልነበረውም። በሽሮ ሜዳ ከእርሱ ቀድሞ የገባ ዘመድ ነበረው፤ ያ ዘመድ አንድ ጥግና አንድ የመሸመኛ ጉድጓድ ያካፍለዋል። እኔ የሐዋርያት ሥራ 18ን ሳነብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው። ጳውሎስ ቆሮንቶስ ደርሶ አቂላንና ጵርስቅላን አገኘ፣ ሥራቸው አንድ ነበርና በቤታቸው ተቀምጦ አብሯቸው ድንኳን ሰፋ። ይህን ክፍል ለሽሮ ሜዳ ሸማኔ ማብራራት አያስፈልግም።

ወንጌልም ወደ እኛ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ሚሲዮናውያኑ እ.ኤ.አ. በ1937 ከወላይታ ሲወጡ ትተው የሄዱት አማኝ ከመቶ የማይሞላ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚገመት ሕዝብ ጠበቃቸው። ከእነዚያ መካከል የወጡ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ በእግራቸው ተሻገሩ። ስንቃቸው ጥቂት ነበር፤ ያደሩት በማያውቋቸው ሰዎች ቤት ነው። “ዙረት ነው” ያለው ወንድማችን ራሱ የዚያ መንገድ ፍሬ ነው፤ ይህን ስጽፍ በፍቅር ነው፣ እርሱም ሲያነበው ይስቃል።

አንዳንዶች ሉቃስ 10ን ይዘው ጌታ ሰባዎቹን ያለ ኮረጆና ያለ ከረጢት ስለላካቸው ያለ ገንዘብ መሄድ እምነት ነው ይላሉ። ተጠንቀቁ። ያው ሉቃስ በምዕራፍ 22፥35-36 ጌታ ያንን ትእዛዝ አስታውሶ አሁን ግን ኮረጆ ያለው ይያዝ እንዳለ ጽፏል። ሁለቱም ቃል የጌታ ነው። በመጀመሪያው ላይ ደቀ መዛሙርቱ የሚቀበላቸው ቤት እንዳለ ተማሩ፤ በሁለተኛው ላይ ሰው ሁሉ እንደማይቀበላቸው ተነገራቸው። አስተዋይ መንገደኛ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል፦ ትንሽ ኮረጆና ብዙ ትሕትና።

አሁን ከብዙዎቻችሁ የተሰወረ ይመስለኛልና አንድ ታሪክ ላንሣ። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ስለ ተሐድሶ ስንማር ከጀርመን፣ ከስዊዘርላንድ፣ ከእንግሊዝ ሰዎች ስም ውጭ የሚጠቀስ እምብዛም የለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን አውሮፓን አቋርጦ ቪተንበርግ ደረሰ። ማርቲን ሉተር 95ቱን ነጥቦች ካወጣ 17 ዓመት ሆኖት ነበር። ባቡር የለም፣ የጉዞ ዋስትና የለም፣ ቋንቋውን የሚናገርለት ሰውም በቀላሉ አይገኝም። በአስተርጓሚ እየተጋገዙ ከሉተርና ከፊልጶስ ሜላንክቶን ጋር ስለ እምነት ተነጋገሩ፤ ስለ ሥላሴ፣ ስለ ጌታ እራት። በእኛ ቤተ ክርስቲያንና በእነርሱ መካከል የሥርዓት ልዩነት እንዳለ አዩ፤ ያ ልዩነት ግን የእምነትን አንድነት እንደማያፈርስ ተስማሙ።

ከዚያ የሆነውን ልብ በሉ። ሚካኤል ከቪተንበርግ ሲወጣ ሐምሌ 4 ቀን 1534 (እንደ እነርሱ አቆጣጠር) የተጻፈ የምስክር ደብዳቤ ተሰጠው። ደብዳቤው ይህ እንግዳ በእምነት ከእኛ ጋር ይስማማልና በጎ ሰዎች ክርስቲያናዊ ፍቅር ያሳዩት የሚል አሳብ ያለው ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ሰዎች ሉተርን ሊያዩ ይመጡ ነበር፤ ይህ ሰው ግን ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣ፣ በመልኩም በቋንቋውም እንግዳ የሆነ ሰው ነው። ሉተር የሰጠው ገንዘብ ቢኖር እንኳ ገንዘቡ በሁለት ሳምንት ያልቅ ነበር። ደብዳቤው ግን በሚቀጥለው ከተማ በር ያስከፍታል። ከእኛ አማኞች ስንቶቻችን ይህን እናውቃለን? በእኛ መጽሔቶች በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ስለ ተሐድሶ ሲጻፍ አየዋለሁ፤ የሚካኤልን ስም ግን አንድ ጊዜም አላየሁም።

ደብዳቤ መጻፍ የሉተር ፈጠራ አይደለም። ሮሜ 16 የሚጀምረው ስለ እኅታችን ፌበን በተጻፈ የምስክርነት ቃል ነው። በሮሜ 15፥24 ጳውሎስ ራሱ ወደ እስጳንያ ሲያልፍ የሮሜ ምእመናን በመንገዱ እንዲረዱት ተስፋ ማድረጉን ይጽፋል፤ ከኢየሩሳሌም እስከ እስጳንያ መላውን አውሮፓ ለማቋረጥ ያቀደ፣ የራሱ ግን ብዙ ገንዘብ የሌለው መንገደኛ ነበር ማለት ነው። 3ኛ ዮሐንስ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ እንግዳ ነው። ጋይዮስ ይቀበላል፣ ዲዮጥራጢስ አይቀበልም፣ የሚቀበሉትንም ይከለክላል። አንድ ሙሉ የመጽሐፍ ቅዱስ መልእክት የተጻፈው “ማን ዘንድ ያድራሉ?” በሚለው ጥያቄ ላይ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

እንግዲህ ወደ ባቡሩ። እኔ አውሮፓን በባቡር ዞሬ አላውቅም፤ የምጽፈው እዚያ ካሉ ልጆቻችን የሰማሁትንና ያነበብኩትን ነው። በጀርመን አገር ዶይችላንድ ቲኬት የሚባል የወር ቲኬት አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ሲጀምር 49 ዩሮ ነበር፣ በ2025 ወደ 58 ዩሮ ከፍ ብሎ ነበር። በፈጣኖቹ ባቡሮች አያስሳፍርም፤ በየመንደሩ በሚቆሙት የአካባቢ ባቡሮች፣ በከተማ አውቶቡስና ትራም ግን በመላው ጀርመን ያገለግላል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪው በቅናሽ ከምዝገባው ክፍያ ጋር ይመጣል። በራሱ የሚገዛው ሰው ማስታወስ ያለበት ቲኬቱ በየወሩ ራሱን የሚያድስ መሆኑን ነው፤ ከወሩ 10ኛ ቀን በፊት ካልሰረዘው ለሚቀጥለውም ወር ከባንኩ ይቆረጣል።

ከጀርመን ውጭ ለመሄድ ኢንተርሬይል አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 ለወጣቶች የተጀመረ ነው፣ ዛሬ በ33 አገሮች ይሠራል፣ እስከ 27 ዓመት ላለው ቅናሽ አለው። የአውሮፓ ዜጋ መሆን አያስፈልግም፤ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰውም ይገዛዋል። በሚኖሩበት አገር ውስጥ ግን ለመውጫና ለመመለሻ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ብዙዎችን የሚያታልለው ሌላ ነገር አለ፦ በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስፔን ፈጣን ባቡሮች፣ በሌሊት ባቡሮችም ላይ ለመቀመጫ ተጨማሪ ይከፈላል። ስለዚህ ገንዘብ ያጠረው ሰው ዘገምተኛውን ባቡር ይምረጥ። ለክርስቲያን ዘገምተኛው ባቡር በሌላም ምክንያት ይሻላል ባይ ነኝ። በፈጣኑ ባቡር ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። በዘገምተኛው ላይ አሮጊት ከገበያ ትመለሳለች፣ ተማሪ ይወርዳል፣ ስደተኛ ይሳፈራል። ከአርባ ምንጭ ወደ ካምባ በሚወጣው መኪና ላይ እንደምናየው ማለት ነው፤ ዶሮዋ ብቻ ትጎድላለች።

የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ተማሪ በሌሎቹ የሸንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መጎብኘት ይችላል። ፓስፖርቱንና ፈቃዱን ሁለቱንም ይያዝ፤ ፖሊስ በባቡር ውስጥ መጥቶ ይጠይቃል፣ ብዙ ጊዜም የሚጠይቀው የእኛን መልክ ያለውን ነው። ይህ ያማል፤ በእርጋታ ማሳየት ግን ያስፈልጋል። ለንደን በዚያ ፈቃድ አይገባም። ባቡሩ ከባሕሩ በታች ያልፋል፣ ቪዛው ግን አያልፍም። ያለ እንግሊዝ ቪዛ ቲኬት የገዛ ሰው ገንዘቡን ጣለ ማለት ነው።

ስንቅ ላይ እናቶቻችን ይበልጣሉ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ ለመንገደኛ የተፈጠሩ ምግቦች ናቸው። በሶ በውኃ በጥብጦ የሚጠጣ ልጅ በስዊዘርላንድ ጣቢያ ለአንድ ሳንዱች የሚጠየቀውን ዋጋ አይቶ አይደነግጥም።

የት ይሂድ? ፓሪስን ማየት ኃጢአት አይደለም። እኔ ግን ከጀርመን የሚነሣ ወጣት ሦስት ቦታ ቢያይ እመኛለሁ፤ ሦስቱም በዚያው በአካባቢ ባቡር ይደረሳሉ። አንደኛው ያልኩት ቪተንበርግ ነው፤ ከበርሊን በስተ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለተኛው ጎታ ነው፤ በኤርፉርትና በአይዘናህ መካከል ያለች ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የአገራችን ሊቅ በመስፍኑ ኤርንስት ጥሪ ከሮም ወደዚያ ሄደው ነበር። ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው ግዕዝንና አማርኛን አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተማቸው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት መሠረታቸው ያ ቆይታ ነው። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ፊደልና ቋንቋ በአውሮፓ የሚጠናው አንድ የእኛ እንግዳ በዚያ ከተማ በክብር ስላደረ ነው። እርሳቸው ግን በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ዐረፉ። ከጎታ በኋላ ባቡሩ አይዘናህ ይደርሳል፤ ሉተር አዲስ ኪዳንን የተረጎመበት የቫርትቡርግ ግንብ ከከተማው በላይ ይታያል። ጊዜ ያለው ይውጣ፣ ዳገቱ ለካምባ ልጅ ምንም አይደለም።

ሦስተኛው ባዝል ነው። ከተማዋ ስዊዘርላንድ ውስጥ ናት፤ የጀርመኑ የወር ቲኬት ግን እዚያ እስካለው የጀርመኖች ባቡር ጣቢያ ድረስ ያገለግላል። ከከተማው ወጣ ብሎ በኮረብታ ላይ ቅድስት ክሪሾና የሚባል ቦታ አለ። አናሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ፣ በምፅዋ ነጻ ወጥቶ፣ በ1872 ተጠምቆ፣ በስዊድን አገር ተምሮ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር እየተጋገዘ የተረጎመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው እዚያ ነው። ይህ ሰው ስንት ጊዜ በሰው ቤት አደረ? ስንት ጊዜ በሰው ገንዘብ ተሳፈረ? ከዚያ ኮረብታ ላይ ቆሞ ጌታን የሚያመሰግን ልጅ “ዙረት” ላይ ነው ያለው ማለት ይከብደኛል።

አሁን ስለ ማደሪያው፤ እዚህ ላይ ለወጣቶቹ ጠንከር ማለት አለብኝ። በአውሮፓ ከተሞች የኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን ጉባኤዎች አሉ። ወንድሞቻችን እንግዳ ይወዳሉ፤ ቡናው ይፈላል፣ እንጀራው ይቀርባል። ነገር ግን የሚኖሩት በጠባብ ቤት ነው። ባልየው የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፣ ሚስቲቱ ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት አላቸው። አንድ ወጣት ቅዳሜ ደውሎ እሁድ ይመጣና አሥር ቀን ይቀመጣል፤ ቀኑን ሙሉ ይተኛል፣ ማታ ስልኩን ይዞ ከዋይፋዩ አጠገብ ይቀመጣል። ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ደግሞ “ፍቅር ቀዝቅዟል” እያለ ያወራል። እንዲህ ያለውን ሰው የቀደመችው ቤተ ክርስቲያን ታውቀው ነበር። ዲዳኬ የሚባለው ጥንታዊ የክርስቲያኖች ትምህርት መጽሐፍ ስለ መንገደኞች ግልጽ ሥርዓት አለው፦ መንገደኛው ይረዳ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ ግን አይቆይ፤ ሊቀመጥ ከፈለገና የእጅ ሙያ ካለው ሠርቶ ይብላ። ሐዋርያ ነኝ ብሎ ሦስት ቀን የሚቀመጥ፣ ሲሄድም ገንዘብ የሚጠይቅ ደግሞ ሐሰተኛ ነው ይላል። እኛ “የእግዜር እንግዳ” ስንል ብዙ ጊዜ የባለቤቱን ግዴታ ብቻ እናስባለን፤ እነዚያ ቀደምት ክርስቲያኖች የእንግዳውንም ጽፈዋል።

ስለዚህ ከሳምንታት በፊት አስታውቁ። ሁለት ሌሊት ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁለት ሌሊት ደግሞ ሁለት ሌሊት ነው። ዕቃ እጠቡ፣ ልጆቹን አማርኛ አስነብቡ፣ እሁድ ወንበር አንሡ። ከአገር ቤት የመጣ በርበሬ ወይም ቡና ካለ ቦርሳችሁ ውስጥ ለእርሱ ቦታ ይኑር፤ አንድ ሱሪ ይቅር። ጳውሎስ በ2ኛ ተሰሎንቄ 3፥8 ለማንም እንዳይከብድ ሌሊትና ቀን መሥራቱን ያስታውሳል። ሐዋርያው ያልናቀውን ዕቃ ማጠብ እናንተ አትናቁ።

“በዚያ ገንዘብ ቆርቆሮ” ወዳሉት አባት ልመለስ። ይህ ቀላል ንግግር አይደለም፣ በቀላሉ ልመልሰውም አልችልም። በእኛ አገር አንድ ልጅ ወደ ውጭ ሲሄድ የሚሄደው ብቻውን አይደለም። አባቱ በሬ ሸጧል፣ አጎቱ ተበድሯል፣ እህቱ ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ይዛለች። ከዚያ ልጁ በሐይቅ ዳር ቆሞ የተነሣው ፎቶ ሲመጣ እህቲቱ ምን ይሰማታል? 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሰው ሃይማኖትን እንደ ካደ ይቆጥረዋል። ስለዚህ እዳ ያለበት እዳውን ይክፈል። ለእህቱ የትምህርት ቤት ክፍያ ቃል የገባ አስቀድሞ ይላክ። ተበድሮ የሚዞር ሰው የእግዜር እንግዳ አይደለም፤ የአበዳሪው እንግዳ ነው።

ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ የተረፈውስ? እዚህ ላይ ከአባታችን እለያለሁ። ለድሃ ይሰጥ በሚል ቃል ብዙ መልካም ነገር ሲታፈን አይቻለሁ። ቆርቆሮ ያስፈልገናል፣ ጣሪያው ያፈስሳል፣ ግንቦት ላይ ማስቀመጫ ባልዲ የምንዘረጋው እኛው ነን። ግን የአንድ ተማሪ ትርፍ ገንዘብ ጣሪያ እንዲሆን የምንጠብቀው እኛ አሥር ቤተ ሰብ ሆነን ማዋጣት ስላቃተን ከሆነ ጉዳዩ የልጁ ጉዞ አይደለም። ወጣት ሳለ ያላየውን ዓለም አርጅቶ በሰው ወሬ የሚያውቅ አገልጋይ በበቂ አለን። የሌላ አገር ወንድም ቤት ያደረ፣ በማያውቀው ቋንቋ ሲጸለይ አሜን ያለ፣ ባቡር አምልጦት በጣቢያ ያነጋ ልጅ ሲመለስ ለእንግዳ የሚራራ ሽማግሌ ይሆናል። ለካምባ ይህ ከቆርቆሮ ያንሳል? ለእኔ አያንስም።

አንዳንድ አንባቢ “ፓስተር፣ ይህ ሁሉ አውሮፓ ለገባው ነው፣ እኛስ?” ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቦርሳ አዝሎ መነሣት አይቻልም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በእኛ ዜጎች ላይ የቪዛ አሰጣጡን አጥብቋል፤ መልሱ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ረዝሟል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም በተለምዶ አይሰጥም። ማመልከቻው ብቻ ከዚያው ዓመት ሰኔ ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። ከደቡቡ አገራችን ብዙ ልጆች የሚያውቁት ሌላውን መንገድ ነው፤ በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደውን፣ በደላላ እጅ የሚታለፈውን። ያንን መንገድ ከዚህኛው ጋር በአንድ ቃል “ጉዞ” ብለን መጥራታችን ራሱ ያሳዝነኛል። ለእነርሱ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ እዚህ በሁለት መስመር ልገባበት አልፈልግም።

ነገር ግን በአገር ውስጥ በትንሽ ገንዘብ መጓዝ እንችላለን፤ እንዳንጓዝ የሚያደርገን ከትራንስፖርቱ ይልቅ ማደሪያው ነው። የካምባ ወጣት ዶርዜን ወይም ኮንሶን ሳያይ ያገባል። ከኮንሶ የሚመጣ የመዘምራን ቡድንም ሲመሽበት አልጋ የሚከራይበት ገንዘብ ስለሌለው አይመጣም። ወደ እኛ የሚመጡትንም እንይ። ከአርባ ምንጭ ወደ ደጋው የሚወጡ፣ ቦርሳ የተሸከሙ የውጭ አገር ወጣቶች አሉ። በጀታቸው ጠባብ ነው፣ ከአንዳንዶቻችን የማይሻል ልብስ ነው የለበሱት። እኛ ግን “ፈረንጅ” ብለን የሙዙን ዋጋ በሦስት እናባዛለን። በዚያው ሳምንት ልጃችን በጀርመን መንገድ ላይ ደግ ሰው እንዲያገኝ እንጸልያለን! ዕብራውያን 13፥2 ይህን ጸሎታችንን ሰምቶ ምን ይል ይሆን?

አንድ የጀርመን አስተማሪ ነበር፣ ሪሻርድ ሺርማን የሚባል። እ.ኤ.አ. በ1909 ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ከባድ ዝናብ ያዛቸውና በአንድ መንደር ትምህርት ቤት ውስጥ ገለባ አንጥፈው አደሩ። ያን ሌሊት ሲያስብ፣ ትምህርት ቤቶች በዕረፍት ጊዜ ባዶ ናቸው፣ ለምን መንገደኛ ወጣት አያድርባቸውም አለ። በ1912 በአልቴና ግንብ ውስጥ ቋሚ ማደሪያ ተከፈተ። ዛሬ በመላው ዓለም ያሉት ርካሽ የወጣቶች ማደሪያዎች ሥራቸው ከዚያ ነው።

የእኛ አዳራሾችስ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምን ይሠራሉ? የረቡዕ ጸሎት አለ፣ የዓርብ መዘምራን ልምምድ አለ። ሌላው ሌሊት ሁሉ ተቆልፎ ያድራል። ለሚመጣው የአጥቢያ መሪዎች ስብሰባ አሳቤን ይዤ እቀርባለሁ፦ ከአዳራሹ ጎን ያለው የዕቃ ክፍል ይጸዳ። አራት ፍራሽ፣ ስድስት ብርድ ልብስ፣ አንድ የውኃ ጀሪካን፣ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ። ለሴቶች መንገደኞች የመዘምራኑ ክፍል ለብቻ ይሁን። የመጣው ሰው መታወቂያ ያሳይ፣ ስሙ ይመዝገብ፣ ለቀበሌ ይነገር፤ ሁለት ሌሊት ይደር፣ ጠዋት አዳራሹን ይጥረግ። ከአጥቢያው ለሚሄዱት ደግሞ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይጻፍላቸው፣ የሚደወልበት ስልክ ይኑረው፣ ሲደወልም የሚያነሣ ሰው ይመደብ። ብርድ ልብሱን እናቶች ያዋጣሉ ብለውኛል። የመዝገቡን ደብተር እኔ እገዛለሁ።